የተበላ የብሪታንያ ሳንቲምን እውነተኛነት ማጣራት

ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የተበላ የብሪታንያ ሳንቲም እውነተኛ መሆኑ የሚታወቀው በዋናነት በክብደቱ፣ በጠርዙና ፍትጊያ ባልደረሰባቸው ጎድጓዳ ቦታዎቹ ነው። የፊቱ መልክ ብቻውን አያስተማምንም። መበላት የእውነተኛውንም የሐሰተኛውንም ምስል አደብዝዞ ያመሳስላቸዋል፤ ይባስ ብሎ የጥንቶቹ አስመሳዮች ጥርጣሬ እንዳይነሳባቸው ገና ሲወጣ ያረጀ የሚመስል ሳንቲም ሆን ብለው ይሠሩ ነበር።

ለዚህ ከንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ የመዳብ ግማሽ ፔኒ የተሻለ ማሳያ የለም። የብሪታንያ መንግሥት ሳንቲም ማተሚያ የሆነው ሮያል ሚንት ይህን ሳንቲም ያተመው ከ1770 እስከ 1775 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ሲሆን፣ አዲስ ግማሽ ፔኒ የወጣው በ1799 ነው። በመካከሉ የዝርዝር እጥረት ሲበረታ ክፍተቱን ድብቅ አስመሳዮች ሞሉት። ስለዚህ የአገሪቱ ምሳሌ የሆነችው ሴት፣ ብሪታኒያ፣ ተቀምጣ የምትታይበት ሆኖ 1776 ወይም 1787 የሚል ዓመት የያዘ ግማሽ ፔኒ፣ ሥራው ምንም ያህል ቢያምር ሐሰተኛ ነው። አንዳንዶቹ ሠሪዎች ደግሞ ከሕግ ለማምለጥ ጽሑፉን ይለውጡ ነበር፤ በላቲኑ የንጉሥ ማዕረግ ፋንታ «ጆርጅ ሩልስ» ብለው የቀረጹ አሉ። በተበላ ሳንቲም ላይ ሦስትና አራት ፊደል ከተረፈ በአጉሊ መነጽር ማንበቡ ድካም አይደለም።

ዓመቱም ጽሑፉም ከጠፋ የሚዳኘው ሚዛን ነው። ከአንድ ፓውንድ መዳብ 46 ግማሽ ፔኒ ይወጣ ስለነበር የአንዱ ክብደት 9.9 ግራም ገደማ ነው። እዚህ ላይ ዋናው ነገር ጉድለቱ ከመበላቱ ጋር መመጣጠኑ ነው። ንጉሡ ራሱ የማይለይበት ሳንቲም ትንሽ ቢቀል አያስገርምም፤ ፊደላቱ በደንብ እየታዩ 6 ወይም 7 ግራም የሚመዝን ግን እጅግ አጠራጣሪ ነው። ፍትጊያ የሚጀምረው ከፍ ካሉት ቦታዎች፣ ማለትም ከጉንጩና ከፀጉሩ ነው። የፊደላቱ ሥር እንደ ጉንጩ የሟሟ ከሆነ ሳንቲሙ ቀልጦ የፈሰሰ ወይም ጥልቀት በሌለው ማተሚያ የተመታ ሊሆን ይችላል።

የብር ሳንቲሞች ሌላ ፈተና ይጨምራሉ። ከ1816 ወዲህ ያለው ሺልንግ 5.66 ግራም ይመዝናል፤ እስከ 1919 ድረስ 92.5 በመቶ፣ ከ1920 እስከ 1946 ደግሞ 50 በመቶ ብር ነበረው፤ ከ1947 ጀምሮ ብር የለበትም። የ92.5 በመቶው ቅይጥ ጥግግት 10.3 አካባቢ በመሆኑ፣ ሙሉ ክብደት ያለው ሺልንግ በክር ታስሮ ውኃ ውስጥ ሲንጠለጠል 0.55 ግራም ያህል ይቀልለዋል። ከዚህ ጎልቶ የበለጠ ከቀነሰ ውስጡ ሌላ ብረት ነው። ጠርዙም ብዙ ይናገራል፤ ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን የመጋጠሚያ መስመር ሳንቲሙ በቅርጽ የፈሰሰ መሆኑን ያሳብቃል፣ ብሩ ሲላጥ የሚወጣ የመዳብ ቅላት ደግሞ ልባጥነቱን። ሳንቲሙን ከመመርመር በፊት በአሲድ ወይም በሳሙና ብሩሽ ማጽዳት ትልቅ ጥፋት ነው፤ የእርጅናው ቀለም ራሱ ማስረጃ ነውና።

ዘመናዊ አስመሳዮች ክብደቱን አስተካክለው ስለሚሠሩ ሚዛን አይይዛቸውም። እነሱን የሚያጋልጣቸው ሌላ ነገር ነው። በአገልግሎት የደረሰ ጭረት በእያንዳንዱ ሳንቲም ላይ የየራሱ ነው፤ ሁለት ሳንቲሞች አንድ ዓይነት ጭረት በአንድ ቦታ ላይ ከተገኘባቸው ቢያንስ አንዱ ቅጂ ነው፤ ሌላውም የቅጂው ምንጭ ካልሆነ በስተቀር።