ከዳንግላ እስከ ጣና ዳርቻ፦ የግድግዳ ሥዕልና ቦታው

ከእንጅባራ ተነሥቶ በዳንግላ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ተጓዡን ከጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ ያደርሰዋል። በዚያም በዘጌና በደሴቶቹ የሚገኙት አብያተ ክርስቲያናት በግድግዳ ሥዕሎቻቸው የታወቁ ናቸው። ስለነዚህ ሥዕሎች ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ውበታቸውና ዕድሜያቸው ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ግን ሥዕሉ ከተሣለበት ግድግዳ ጋራ ያለውን ዝምድና መመርመር ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የአካባቢው ነባር ቤተ ክርስቲያን በአብዛኛው ክብ ሆኖ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ ይከፈላል። መቅደሱ ግን አራት ማዕዘን ነው፤ ሥዕሉም የሚሣለው በዚሁ በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ነው። ምእመኑ ከዚያ አልፎ መግባት ስላልተፈቀደለት፣ ታቦቱን የሚሰውርበት ግድግዳ ራሱ መጽሐፍ ይሆንለታል። በዘጌ በዑራ ኪዳነ ምሕረት ሰይፍ የያዙ ሊቃነ መላእክት በመቅደሱ ደጅ ላይ ተሥለው ይታያሉ፤ ይኸውም ለጌጥ ብቻ ሳይሆን ደፉ የተከበረ መሆኑን ለማስታወቅ ነው። ጻድቃን በሁለት ዐይን፣ ክፉዎች በጎን ሆነው ባንድ ዐይን መሣላቸውም ፊደል ያልቈጠረው ሰው እንኳ ታሪኩን ያለ አስተርጓሚ እንዲረዳ ያደርገዋል።

ከሥዕሎቹ ሁሉ ለአዊ ሰው ቅርብ የሚሆነው ፈረሰኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ሠዓሊው ቅዱሱን ብዙ ጊዜ በባዶ እግሩ፣ እርካቡን በአውራ ጣቱ እንደ ያዘ አድርጎ ይሥለዋል፤ ይህም የቀድሞው የአገራችን ፈረሰኛ አቀማመጥ ነው። በእንጅባራም የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በቅዱሱ በዓል፣ የአድዋን ድል በማሰብ ፈረሶቻቸውን አስጊጠው ይወጣሉ። ስለዚህ በግድግዳው ላይ ያለው ፈረሰኛና በሜዳው ላይ ያለው ፈረሰኛ አንዱ ሌላውን የሚያስረዱ የአንድ ባህል ምስክሮች ናቸው።

የአሠራሩን ዘዴ ያስተዋልን እንደሆነ፣ አብዛኛው ሥዕል በቀጥታ በጭቃው ላይ አልተሣለም። በጭቃና በጭድ በተመረገው ግድግዳ ላይ ጨርቅ ይለጠፋል፤ ቀለሙም በጨርቁ ላይ ይቀባል። ይህ ዘዴ ጥበብ ያለበት ነው፤ ግድግዳው ቢሰነጠቅ ጨርቁን ማዳን ይቻላልና። ነገር ግን ለማዳን የተመቸው ለመውሰድም ተመቸ።

ለዚህ በ1932 የተፈጸሙ ሁለት ነገሮች ይጠቀሳሉ። ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን በዚያ ወራት የጣናን ደሴቶች እየዞረ ሐይቁን ይለካ ነበር። ያየውንም በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይ አስነበበ። በዚያው ዓመት በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የዳካር–ጅቡቲ የፈረንሳይ ጓድ ጐንደር ገባ። ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የጥንቱን ሥዕሎች ከግድግዳው አላቆ ወሰደ፤ በምትካቸውም ሠዓሊው ጋስቶን ሉዊ ሩ ቅጂ ሠራ። ዋናዎቹ ሥዕሎች ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ይገኛሉ።

የጓዱ ሰዎች ሥዕሎቹ ሊጠፉ ተቃርበው ነበር ብለው ተከራክረዋል። ክርክሩ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም፤ ዝናብ የሚያስገባ ጣራ ለሥዕል ጠላት ነው። ሆኖም ጣራ ይጠገናል፤ ግድግዳውን ያጣ ሥዕል ግን ቀለሙ ቢተርፍም ሥርዐቱ ይፈርሳል። በየትኛው ማዕዘን እንደ ነበረ፣ ከየትኛው ደጅ አጠገብ እንደ ቆመ፣ ማን ቆሞ ይጸልይበት እንደ ነበር ቀለሙ ብቻውን አይናገርም። በደቅ ደሴት በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ይህ ሥዕል እቴጌይቱ ራሳቸው ካሠሩት ቤት ቢወጣ የአንዲት ንግሥት መልክ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ በቦታው ሳለ ግን የስእለትና የስጦታ ማስረጃ ነው።

ስለዚህ የአገራችን ተማሪዎች፣ በተለይም በእንጅባራና በዳንግላ አካባቢ ያሉት፣ ሥዕሎቹን በሚመዘግቡበት ጊዜ ፎቶግራፍ ማንሣት ብቻውን አይበቃም። የግድግዳውን አቅጣጫ፣ የሥዕሉን ተራ፣ የአሠሪውን ስም፣ የቀድሞ ጥገናውን፣ ካህናቱና ምእመናኑ ስለ ሥዕሉ የሚተርኩትንም አብሮ መጻፍ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ መዝገብ ሌባን ያጋልጣል፤ ጠጋኙንም ይመራል፤ የተወሰደውም ሲመለስ የሚሰቀልበትን ግድግዳ ያመለክታል።