የዒድ ሰላምታና የእግር ኳስ ክለብ ባለቤቶች

የአውሮፓ እግር ኳስ ደጋፊዎች ለክለባቸው ሙስሊም ባለቤት በዒድ አል ፈጥርና በዒድ አል አድሃ መልካም ምኞት መግለጽ የለመዱት የባሕረ ሰላጤው ገንዘብ በእንግሊዝ ሊጎች ሥር መስደድ ከጀመረበት ከ2000ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው። ምኞቱ ክለቡ ወይም ባለቤቱ በማኅበራዊ ሚዲያ በሚያወጣው የበዓል መልእክት ሥር ይጻፋል፤ አልፎ አልፎም ከዒድ ጋር ሳይያያዝ በትሪቡን ላይ በሚሰቀል ጨርቅና በጭፈራ ምስጋና ይገለጻል። ከላኪዎቹ ብዙዎቹ ሙስሊም አይደሉም፤ ጨረቃ መታየቷንም የሚጠባበቁ አይደሉም። ክለባቸውን የገዛው ሰው ወር ሙሉ ፆሞ በዓል ላይ መሆኑን ማወቃቸው ይበቃቸዋል።

ለልማዱ መነሻ ተብሎ ሊጠቀስ የሚችለው ማንችስተር ሲቲ ነው። የአቡዳቢ ዩናይትድ ግሩፕ ክለቡን ከቀድሞው የታይላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ከታክሲን ሺናዋት ሊገዛ መሆኑ የተሰማው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 2008 ሲሆን፣ ዕለቱ በአብዛኛው የዓረብ ዓለም ረመዳን የገባበት ነበር። በዚያው ዕለት ብራዚላዊው ሮቢንሆ ከሪያል ማድሪድ በ32.5 ሚሊዮን ፓውንድ ፈረመ። የግሩፑን ባለቤት የሼህ መንሱር ቢን ዛይድ አል ናህያንን ስም ከዚያ በፊት ሰምተው የማያውቁ ደጋፊዎች የዕቃ መወልወያ ጨርቅ እንደ ዓረብ ሻሽ ራሳቸው ላይ ጥለው ከስታዲየሙ ደጅ ጨፈሩ። ጭፈራው ፆም በገባ ሰሞን መዋሉን ከጨፋሪዎቹ ስንቱ ልብ እንዳለው መገመት አያስቸግርም።

ሼህ መንሱር ክለቡን በያዙባቸው ዓመታት ሜዳው ድረስ ሄደው ቡድናቸውን ያዩበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። በሊግ ጨዋታ፣ አሁን ኢትሃድ በሚባለው የክለቡ ስታዲየም የተገኙት እ.ኤ.አ. ኦገስት 23 ቀን 2010፣ ሲቲ ሊቨርፑልን 3 ለ 0 ባሸነፈበት ምሽት ነበር። ያም በረመዳን ውስጥ የዋለ ሲሆን ጨዋታው ሲጀመር የማንችስተር ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ቀጥሎ የታዩበት ትልቅ አጋጣሚ ሲቲ ኢንተር ሚላንን 1 ለ 0 ረትቶ የመጀመሪያ የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫውን ያነሳበት የ2023ቱ የኢስታንቡል ፍጻሜ ነው። ስለዚህ ደጋፊው ባለቤቱን የሚያነጋግረው ከርቀት ነው፤ ማንችስተር ሼህ መንሱርን እንደምታመሰግን የሚገልጸው ትልቅ ጨርቅ ለዓመታት በስታዲየሙ ተሰቅሎ የኖረውም ለዚሁ ነው። ምስጋናው ምክንያት አላጣም፤ ክለቡ እ.ኤ.አ. በ2012 ሊጉን ሲያሸንፍ ከ44 ዓመት በኋላ ነበር።

የኒውካስል ዩናይትድ ታሪክ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ባለቤቱ ግለሰብ ሳይሆን የሳውዲ ዓረቢያ የመንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ መሆኑ ነው። ፈንዱ 80 በመቶውን ድርሻ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 2021 ሲረከብ፣ በማይክ አሽሊ የ14 ዓመት ባለቤትነት የተማረረው ደጋፊ በሺዎች ወጥቶ ደስታውን ገለጸ። እዚህም ሻሹ ተመለሰ። ክለቡ የዓረብ ልብስ መልበስ ልማዳቸው ያልሆነ ደጋፊዎች ነገሩ ሌላውን ቅር ሊያሰኝ ስለሚችል እንዲተዉት ጠየቀ፤ ከቀናት በኋላ ደግሞ አዲሶቹ ባለቤቶች እንዳልተቀየሙ ገልጾ የፈለገ እንዲለብስ ፈቀደ። የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች በበኩላቸው በሳውዲ ወኪሎች የተፈጸመውን የጋዜጠኛ ጀማል ኻሾግጂን ግድያ እያነሱ ግዢውን አጥብቀው ተቹ። ኒውካስል እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 2025 ሊቨርፑልን 2 ለ 1 አሸንፎ የሊግ ካፑን ሲወስድ የአገር ውስጥ ዋንጫ ካነሳ 70 ዓመት ሆኖት ነበር። ከተማው ዋንጫውን በአደባባይ ያከበረው ማርች 29 ሲሆን፣ ሳውዲ ዓረቢያ ዒድ አል ፈጥርን ያከበረችው በማግስቱ ነው።

የደጋፊና የባለቤት ወዳጅነት እንዴት እንደሚሻክር የሚያሳየው ግን ኖቲንግሃም ፎረስት ነው። በማቀዝቀዣ ንግድ የታወቀው የኩዌቱ የአል ሃሳዊ ቤተሰብ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 እና በ1980 የአውሮፓ ሻምፒዮን የነበረውን ይህን ክለብ የገዛው በጁላይ 2012፣ ረመዳን ሊገባ 10 ቀን ያህል ሲቀረው ነው። ፎረስት የወቅቱን የመጀመሪያ የሊግ ጨዋታ በሜዳው ብሪስቶል ሲቲን 1 ለ 0 አሸንፎ በማግስቱ ዒድ ሆነ። ባለቤትም ሆነ ደጋፊ ከዚህ የተሻለ መነሻ ሊመኝ አይችልም ነበር። ከቤተሰቡ ክለቡን የመሩት ፋዋዝ አል ሃሳዊ በትዊተር ራሳቸው የሚጽፉ ሰው በመሆናቸው መልካም ምኞትም ሆነ ወቀሳ በቀጥታ ይደርሳቸው ነበር። ወቀሳው እየበዛ ሄደ። አሰልጣኙ ሾን ኦድሪስኮል ሊድስን 4 ለ 2 ባሸነፉበት ዕለት፣ በዲሴምበር 26 ቀን 2012 ተሰናበቱ፤ ከእሳቸው በኋላም አሰልጣኝ በአሰልጣኝ ላይ ተፈራረቀ። በ2014 መጨረሻ ክለቡ የፋይናንስ ደንብ በመጣሱ የዝውውር እገዳ ተጣለበት። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ደጋፊዎች በይፋ ተቃወሟቸው፤ በዚያው ዓመት ሜይ ክለቡ ለግሪካዊው ኢቫንጌሎስ ማሪናኪስ ተሸጠ። ተቃውሞው ስለ ውጤትና ስለ ገንዘብ አያያዝ እንጂ ስለ ሃይማኖት አልነበረም፤ ይህም ለኖቲንግሃም ደጋፊ ሊቆጠርለት የሚገባ ነው።

ለባለቤት የሚቀርብ ምኞት እንዲህ ከውጤት ጋር ይወጣል ይወርዳል። በእንግሊዝ ሜዳዎች ለሙስሊሞች የጸና ቦታ ያስገኙት ይልቁንም ተጫዋቾችና ጎረቤቶች ናቸው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መሐመድ ሳላህ ወደ ሊቨርፑል ከመጣ በኋላ በመርሲሳይድ አካባቢ የጥላቻ ወንጀል ይጠበቅ ከነበረው በ16 በመቶ መቀነሱንና የክለቡ ደጋፊዎች በትዊተር የሚጽፉት ፀረ ሙስሊም መልእክት በግማሽ ገደማ መውረዱን አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 2021 ሌስተር ከክሪስታል ፓላስ ሲጫወት፣ ጀምበር ጠልቃ ስለነበር በመልስ ምት ጊዜ ጨዋታው ለአፍታ ቆሞ የሌስተሩ ዌስሊ ፎፋና እና የፓላሱ ሼኩ ኩያቴ አፈጠሩ። ከዚያ ወዲህ በፕሪሚየር ሊጉ ዳኞች በረመዳን ለማፍጠሪያ አጭር እረፍት መስጠታቸው የተለመደ ሆኗል።

ብላክበርን ሮቨርስ ባለቤቶቹ በዶሮ ንግድ የታወቁ ህንዳውያን ናቸው፤ ሙስሊሞች አይደሉም። ነገር ግን ከአካባቢው ነዋሪ ሲሶው ሙስሊም ነውና እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2022 በኢውድ ፓርክ ሣር ላይ የዒድ ሰላት ተሰገደ፤ በሜዳው የዒድ ሰላት በማስተናገድ ከእንግሊዝ ክለቦች የመጀመሪያው ሆነ። በዓመቱ ማርች 2023 ቼልሲ በስታምፎርድ ብሪጅ የጋራ ኢፍጣር አዘጋጀ። ሁለቱም ያለ ሙስሊም ባለቤት የተደረጉ ናቸው። ፈረንሳይ የዚህ ተቃራኒ ናት፤ ፓሪ ሳን ዠርመን ከ2011 ጀምሮ በኳታር ይዞታ ሥር ቢሆንም የአገሪቱ ፌዴሬሽን በ2023 ለማፍጠር ጨዋታ እንዳይቋረጥ ዳኞችን አዘዘ። የፓሪስ ደጋፊዎች አንዲት ተምርና አንድ ብርጭቆ ውኃ ለፌዴሬሽኑ ቅዠት እንደሆኑ የሚሳለቅ ጨርቅ በትሪቡን ዘረጉ። ከዒድ ሰላምታዎች ሁሉ ይልቅ ክብደት ያለው ይህ ነው፤ የተጻፈው ለባለቤቱ ሳይሆን ለፆመኛው ነውና።

በኢትዮጵያ ሜዳና ዒድ የቆየ ዝምድና አላቸው። ሙስሊሞች በሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ካደረጉት ታላቅ ሰልፍ በኋላ የእስልምና በዓላት በብሔራዊ ደረጃ መከበር ጀመሩ፤ የመዲናዋ የዒድ ሰላትም ለበርካታ ዓመታት በአዲስ አበባ ስታዲየምና በዙሪያው ሲሰገድ ኖሯል። ብላክበርን እ.ኤ.አ. በ2022 የጀመረው ለአዲስ አበቤ አዲስ ነገር አይደለም።

ለባለቤት ከሚቀርብ ምኞት ጋር የሚቀራረበው የአገር ውስጥ ምሳሌ የቅዱስ ጊዮርጊስ ስፖርት ክለብ ነው። በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተውና የሰማዕቱን ስም የያዘው ይህ ክለብ ለረጅም ዓመታት ዋነኛ ደጋፊው ሙስሊሙ ባለሀብት ሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ ሆነው ቆይተዋል። በአዲስ አበባ ስታዲየም ከካታንጋም ሆነ ከዳፍ ትራክ ትሪቡን ይጮኽ የነበረው የክለቡ ደጋፊ ክርስቲያንም ሙስሊምም ነው፤ በቅዱሱ ስምና በባለሀብቱ እምነት መካከል ተቃርኖ አላየም። አል-አሙዲ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 በሳውዲ ዓረቢያ ታስረው የ2018ን ሁለቱንም ዒዶች በእስር አሳለፉ፤ የተፈቱትም በጃንዋሪ 2019 ነው።