የአገሩን ሰርዶ በማን በሬ? ከጋምቤላ እስከ ኦስቲን ከተማ ምክር ቤት

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይላሉ ወላጆቻችን። እኛ በተወለድንበት በእስቴ መካነ ኢየሱስ ይህን ብሂል የሚጠራጠር ሰው ብዙ የለም። የቀበሌ ሊቀ መንበር ሲመረጥም ሆነ የዕድር ዳኛ ሲሾም ከችሎታው በፊት የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነው?» የሚለው ነው። አባቱ ካልታወቀ፣ ዘሩ ካልተቆጠረ ሰውየው ገና እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ ይበላል ይጠጣል እንጂ በአገር ጉዳይ አይፈርድም።

ዛሬ ይህን ብሂል የሚፈትን አንድ ታሪክ ይዘን መጥተናል። ባለ ታሪኩ ኦባላ ኦባላ ይባላል። የጋምቤላ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 2020 በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት የኦስቲን ከተማ ምክር ቤት አባል ሆኖ ሲመረጥ 27 ዓመቱ ነበር። (የቴክሳሷ ኦስቲን እንዳትመስላችሁ። ይህቺኛዋ 26 ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት ትንሽ ከተማ ናት።) በከተማዋ ታሪክ ለምክር ቤቱ የተመረጠ የመጀመሪያው ስደተኛና የመጀመሪያው ጥቁር እሱ ነው። የአሜሪካ ዜግነት ካገኘ ደግሞ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። እንግዲህ የአገሩን ሰርዶ በማን በሬ?

መንደሩና ኳሮው

ኦባላ አኙዋክ ነው። አኙዋኮች ባሮን፣ አልዌሮን፣ ጊሎንና አኮቦን ተከትለው በኢትዮጵያና በደቡብ ሱዳን ድንበር ወዲህና ወዲያ የሰፈሩ ሕዝብ ናቸው። በወንዙ ዳር በቆሎና ማሽላ ይዘራሉ፣ ከወንዙ ዓሣ ያወጣሉ። እኛ ደገኞች ስለ ጋምቤላ ስናወራ ከሙቀቱና ከወንዙ አልፈን ብዙ አንሄድም። አንድ የምናልፈው ትልቅ ነገር ግን አለ፤ የመንደሩ አስተዳደር።

የአኙዋክ የመንደር አለቃ ኳሮ ይባላል። እንግሊዛዊው የባህል ተመራማሪ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው ጥናት እንደገለጸው ኳሮው የሚከበረው እጁ እስከተዘረጋ ድረስ ነው። ይደግሳል፣ ያበላል፣ ለቸገረው ይሰጣል። ሲሰስት ወይም መንደርተኛውን ሲያስቀይም ሰዉ ተነሥቶ ያወርደውና ከዘመዶቹ መካከል ሌላ ይሾማል። ይህ አለቃን የማውረድ ነገር የራሱ ስም እንኳ አለው፦ አጌም። የማያበላ አለቃ ወንበሩ ላይ አይከርምም ማለት ነው። ይህን ነገር ያዙልን፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ታኅሣሥ 1996

ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. ከጋምቤላ ከተማ ወጣ ብሎ በአንድ የመንግሥት መኪና ላይ በተጣለ ጥቃት 8 ሰዎች ተገደሉ። አስከሬናቸው ከተማ ሲገባ ጥፋቱ በአኙዋኮች ላይ ተላከከ። ከዚያ የሆነውን ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ዘርዝሮታል። ወታደሮችና ደገኛ ነዋሪዎች አንድ ላይ ሆነው አኙዋኮችን ቤት ለቤት ገደሉ፣ ጎጆዎችን አቃጠሉ። በሪፖርቱ የተጠቀሰው የሟቾች ቁጥር እስከ 424 ይደርሳል። መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ግን 65 ሰዎች ሞቱ ብሎ ዘጋው።

«ደገኛ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ይቆርቁረን። ጋምቤላ ውስጥ ደገኛ ማለት ከሰሜኑና ከመሀል አገር የሄደ ሰው ነው። ማለትም እኛን የሚመስል፣ እንደኛ እንጀራ የሚጋግር፣ እንደኛ ቡና የሚያፈላ። የእስቴ ልጅ ይህን ታሪክ ሲያነብ በሩቅ እንደተፈጸመ የሌላ ሰው ጉዳይ አድርጎ ሊያልፈው አይችልም።

ኦባላ ያኔ የ10 ዓመት ገደማ ልጅ ነበር። ቤተሰቡ እንደ ብዙ ሺህ አኙዋኮች አገር ጥሎ ወጣ። ገና ከአገሩ ሳይወጣ፣ በተወለደበት ቀዬ እንግዳ ተደርጎ ነበር። ስደቱ የጀመረው ድንበር ላይ አይደለም፣ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው።

ዐሥር ዓመት በዳዳብ

ዳዳብ በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ በረሃ ላይ ሶማሊያ ስትፈርስ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቋቋመ የመጠለያ ጣቢያ ነው። በ2011ዱ ድርቅ ጊዜ ነዋሪው ወደ ግማሽ ሚሊዮን ተጠግቶ ነበር። ኦባላ እዚያ 10 ዓመት ያህል ኖረ። ከ10 ዓመት ልጅነት እስከ 20 ዓመት ጎረምሳነት፣ ማለትም እኛ ከ4ኛ ክፍል ተነሥተን ዩኒቨርሲቲ በገባንበት ዕድሜ፣ እሱ ራሽን ሲጠብቅ ነው ያደገው። በመጠለያ ጣቢያ ውስጥ ከራሽኑ ይልቅ የሚከብደው ነገር በራስ ሕይወት ላይ የሚወስነው ሌላ ሰው መሆኑ ነው። የት እንደምትኖር፣ ስንት ኪሎ ዱቄት እንደምትወስድ፣ መቼ እንደምትሄድ የሚነግርህ ወረቀት የያዘ ሰው ነው። በእ.ኤ.አ. 2013 መጨረሻ ለኦባላም ወረቀቱ ደረሰና አሜሪካ ገባ።

የሥጋ ፋብሪካዋ ከተማ

በ2015 ኦስቲን ከተመ። ኦስቲን ሆርሜል የተባለው የሥጋ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1891 የተመሠረተባት፣ ስፓም የሚባለው የታወቀ የቆርቆሮ ሥጋ የመጣባት ከተማ ናት። በ1985 ደሞዝ ተቀነሰብን ያሉ ሠራተኞች ረጅም የሥራ ማቆም አድማ መትተው ነበር፤ አድማው ከሸፈ፣ ብዙዎችም ወደ ሥራቸው ሳይመለሱ ቀሩ። በቀጣዮቹ ዓመታት ቢላ የሚይዘው እጅ እየተለወጠ ሄደ። መጀመሪያ ሜክሲካውያን መጡ፣ ቀጥሎ ከበርማ፣ ከሱዳን፣ ከጋምቤላም መጡ።

ስለዚህ ኦባላ የደረሰባት ከተማ ስደተኛን ለሥራ ታውቀዋለች። ለወንበር ግን አታውቀውም ነበር። ጉልበቱ ከተማ ውስጥ ነው፣ ድምፁ ደጅ ነው።

እሱ የገባበት በር ትምህርት ቤት ነበር። ሪቨርላንድ በተባለው የከተማዋ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተመዘገበ፣ የተማሪዎች ፕሬዝዳንትም ሆነ። በዚህ ኃላፊነቱ ከያዛቸው ጉዳዮች ዋነኛው ምን ይመስላችኋል? ረሃብ! በሀብታም አገር፣ በሥጋ ከተማ፣ ምሳ ሳይበሉ ክፍል የሚገቡ ተማሪዎች ነበሩ። ከጓደኞቹ ጋር የግዛቲቱን ሕግ አውጪዎች እየተመላለሱ አሳመኑ። በ2019 ኮሌጆች ለተቸገሩ ተማሪዎች ምግብ እንዲያዘጋጁ የሚያግዘው «ከረሃብ የጸዳ ግቢ» የተሰኘው ሕግ በሚኒሶታ ጸደቀ።

አሁን ኳሮውን አስታውሱት። ኦባላ ይህን ሲያደርግ የአያቶቹን ወግ ያስብ እንደነበር አናውቅም፣ እንዲያ ነው ብለንም አንጽፍም። ግን የሚያበላ ሰው ይመራ የሚለው ሐሳብ ከባሮ ዳር እስከ ሚኒሶታ አንድ መሆኑ እኛን አስደንቆናል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ዜጋ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ተወዳደረ፣ አሸነፈ። ለከተማ ምክር ቤት የሚመረጥ ሰው ሥራ ዓለምን የሚያስጨበጭብ አይደለም፤ የመንገድ ጥገና፣ የበረዶ ጠረጋ፣ የከተማ በጀት። ሆኖም ሰው በሰፈሩ ላይ የሚወስነው በዚህ ነው። ሌላው እየወሰነለት ላደገ የዳዳብ ልጅ ደግሞ ትርጉሙ ሌላ ነው።

ያ ቀን

ኖቬምበር 3 ቀን 2020 በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 24 ቀን 2013 ነው። ቀኑን ማን ይረሳዋል? የኦስቲን ሰዎች ድምፅ ሲሰጡ በዋሉበት ዕለት እዚህ ማታው ላይ የሰሜን ዕዝ ተጠቃ፣ ጦርነቱም ተጀመረ። ዓመት ሳይሞላው፣ በነሐሴ 2013፣ ላይ ጋይንት ደረሰ። የሕወሓት ታጣቂዎች ነፋስ መውጫን ለቀናት ሲይዙ የተደፈሩ 16 ሴቶችን ምስክርነት አምነስቲ ኢንተርናሽናል መዝግቦታል። ሰው በልብሱ ሸሸ። ስደት የጋምቤላ ወሬ መሆኑ ቀርቶ የጎረቤታችን የጋይንት ዕጣ ሆነ።

መጤ ማነው?

ከዚያም በፊት ቢሆን የእኛው ሰው በሌላው አገር «መጤ» ሲባል ኖሯል። በ2004 ዓ.ም. ከጉራፈርዳ የተባረሩት አማራ ገበሬዎች ጥፋታቸው ሌላ ቦታ መወለዳቸው ነበር። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሕገ መንግሥት አምስት ብሔረሰቦችን የክልሉ «ባለቤት» ብሎ ይሰይማል፤ ሌላው እዚያው ቢወለድም ነዋሪ ነው። ብሂላችን ሕግ ሆኖ ተጻፈ ማለት ነው። ስንገፋ ያመናል፤ ጋምቤላ ላይ ደገኛው ሲገፋ ግን ዝም አልን።

አሜሪካን ለማሞገስ አልተነሣንም። ኦባላ የገባበት የስደተኞች መርሐ ግብር በጃንዋሪ 2025 በፕሬዝዳንቱ ትእዛዝ ታግዷል። እንደሱ ዳዳብ ላይ ወረቀት ሲጠብቅ የነበረ ስንት ወጣት በሩ ፊቱ ላይ ተዘግቶበታል። እዚያም «የማን ልጅ ነው?» የሚለው ጥያቄ አልሞተም።

ግን የኦስቲን መራጮች አንድ ነገር አሳይተውናል። በሬን የአገሩ በሬ የሚያሰኘው ቀንበሩ ነው። ኦባላ መሬቷን አርሶላታል፤ ተርቦ የሚማረውን አይቶ ለእሱ ደጅ ጠንቷል። ሰርዶውን ያወቀው እያረሰ ነው።

መካነ ኢየሱስ ላይ ነገ ከጋይንት የተፈናቀለ፣ ከስማዳ የመጣ፣ ወይም ከጋምቤላ ተሹሞ የመጣ አስተማሪ ለቀበሌ ምክር ቤት ቢወዳደር እንመርጠው ይሆን? መልሱን ለእናንተ ትተናል። ለራሳችንም።

ቸር እንሰንብት።