ከቆራሌው እስከ ፍላሽ፦ የማጫወቻችን ታሪክ

«ቆራሌው!» የሚለው ጥሪ በሰፈራችሁ አልፎ ያውቃል አይደል? ጆንያውን ተሸክሞ የሚዞረው ሰው ከአሮጌ ጫማና ከባዶ ጠርሙስ ሌላ የሞተ ኮምፒውተር ቢያገኝም አይጠላም። የገዛው ዕቃ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይገባል። እዚያ ተፈታትቶ፣ ተለይቶ አዲስ ዋጋ ይወጣለታል። በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ ያለ ቴፕ ጠጋኝም መለዋወጫ ሲቸግረው መንገዱ ወደዚያው ነው።

የሙዚቃ ታሪካችን ሲወራ ዘፋኙ ይነሳል፣ ባንዱ ይነሳል፣ አሳታሚው ይነሳል። ማጫወቻውን የሚያስታውሰው ግን የለም። እኔ ዛሬ ስለ እሱ ልጽፍ ነው። ምክንያቱም ማጫወቻ በተቀየረ ቁጥር ከዘፈኑ ላይ የሚራገፍ ነገር አለ።

ከሸክላው እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ብቻ ሰጥቶ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል ደፋር ወጣት ድንጋጌውን ከቁብ ሳይቆጥር አምሃ ሬከርድስን አቋቋመ። የመጀመሪያው ሥራው የዓለማየሁ እሸቴ ነጠላ ሸክላ ሲሆን የታተመውም ህንድ አገር ነው። ሸክላ መሃሉ ላይ ክብ ወረቀት አለው፤ የዘፈኑና የዘፋኙ ስም እዚያው ላይ ተጽፏል። ስሙን ከድምፁ መለየት አይቻልም ማለት ነው።

ከዚያ ካሴት መጣ። ፊሊፕስ በ1963 ያወጣው ካሴት በእኛ አገር በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ሸክላን ከገበያ አስወጣው (እነዚህ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሶኒ በ1979 ዎክማንን ሲያወጣ ደግሞ ዘፈን ኪስ ውስጥ ገባ። ካሴትም ቢሆን የሽፋን ወረቀት ነበረው፤ ግጥም እከሌ፣ ዜማ እከሌ፣ ቅንብር እከሌ ይላል።

ይህቺ ወረቀት ምን ትጠቅማለች የሚል ካለ የኃይሉ መርጊያን ታሪክ ይስማ። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች በ1985 አሜሪካ ሆኖ አንድ ካሴት አወጣ። ከዓመታት በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ካሴቱን ባሕር ዳር ላይ አገኘው። ካሴቱ ላይ ስም ነበርና ባለቤቱ ተፈልጎ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ ተገኘ። በ2013 ሥራው እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ።

አሁን ወደ ሞተው ኮምፒውተር እንመለስ። በ1990ዎቹ የተሠሩ ብዙ ሲዲ ሮሞች ፊታቸው ላይ የማጫወቻ ቁልፍ፣ የድምፅ ማስተካከያና የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ነበራቸው። ሲዲ ሮሙ የሙዚቃ ሲዲ ለማጫወት ኮምፒውተሩን አይፈልግም፤ የሚፈልገው መብራት ብቻ ነው። ከኋላው ከሚሰካው አራት ገመድ ቢጫው 12 ቮልት፣ ቀዩ 5 ቮልት፣ ሁለቱ ጥቁሮች ደግሞ ኔጋቲቭ ናቸው። 12 ቮልቱን ከሞተር ሳይክል ባትሪ፣ 5 ቮልቱን ደግሞ 7805 ከምትባለው ባለ ሦስት እግር ዕቃ ማግኘት ይቻላል። ሙቀት የምታስወጣበት ብረት ከታሰረላት፣ ይኸው በእጅ የተሠራ ተንቀሳቃሽ ማጫወቻ!

ይህ የድሃ ብልሃት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥም የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ተመራማሪዎች በ1998 የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ወስደው የኪስ ማጫወቻ ሠርተዋል። በ1999 ፐርሰናል ጁክቦክስ ተብሎ 4.8 ጊጋባይት ይዞ ለገበያ ቀረበ። አይፖድ የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ሲዲ ሮማችን ግን አንድ ችግር ነበረበት፤ ኤምፒስሪ አያነብም። መፍትሔው ፍላሽና ሚሞሪ የምትቀበል ትንሽ የቻይና ቦርድ ሆነች። ቦርዷ በአሮጌ ቴፕ ሆድ ውስጥ ትገባለች፤ የኮምፒውተሩ ስፒከርም አብሯት ይሠራል። ዘፈኑን በጥቂት ብር ማስጫን ነው። መቶ ካሴት በጥፍር በምታክል ካርድ!

ደስ ይላል። ግን ካርዷን ከፍታችሁ ዝርዝሩን አይታችሁት ታውቃላችሁ? «ትራክ 05»፣ «ትራክ 06»፣ «ኒው ፎልደር»። የማን ዜማ ነው? የማን ቅንብር? መልስ የለም።

ጥፋቱ የአስጫኙ ብቻ አይደለም። በ1996 (እ.ኤ.አ.) የወጣው አይዲስሪ የሚባለው የስም መጻፊያ ከፋይሉ ጫፍ 128 ባይት ብቻ ይወስዳል። ለርዕስ 30 ፊደል፣ ለዘፋኝ 30፣ ለአልበም 30። የግጥም ደራሲ ቦታ የለውም፤ የዜማ ደራሲና የአቀናባሪም የለውም። የታሰበውም ለላቲን ፊደል ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ሲሆን፣ በተለመደው አጻጻፍ አንዱ ሆሄ ሦስት ባይት ይፈጃል። «ግጥምና ዜማ» ብላችሁ ስትጨርሱ ከሠላሳው አሥራ ዘጠኙ አለቀ! በኋላ የመጡት አይዲስሪዎች ቦታ ቢያሰፉም፣ ማን ይሙላው?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ለደራሲውም መብት ሰጥቶታል። መብት ግን የሚጠየቀው በስም ነው። ስም የሌለው ዘፈን ባለመብት የሌለው ይመስላል፤ ነገ ኃይሉን የሚፈልግ ሰው ቢመጣም «ትራክ 05» የትም አያደርሰውም።

ጠጋኙ የራሱን አድርጓል፤ የተጣለውን አንስቶ አዘፍኖታል። የቀረው የእኛ የአድማጮቹ ሥራ ነው። ቤታችሁ ውስጥ አሮጌ ካሴት ካለ፣ ለቆራሌው ከመሸጣችሁ በፊት የሽፋኑን ወረቀት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ከዘፈኑ ጋር በአንድ ፎልደር አስቀምጡት። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።