የተሰረቀው መኪና፦ ወጣትነትና የጦርነት ውርስ በሉዊ ማል «አሳንሰር ፑር ለሻፎ»

እ.ኤ.አ. በጥር 1958 «አሳንሰር ፑር ለሻፎ» የተሰኘው ጥቁርና ነጭ የወንጀል ፊልም በፓሪስ ሲታይ ዳይሬክተሩ ሉዊ ማል ገና 25 ዓመቱ ነበር። ፊልሙ ሲነሣ ብዙዎች የሚያስታውሱት ሁለት ነገር ነው፤ ዣን ሞሮ በሻንዜሊዜ ሌሊት ብቻዋን መንከራተቷንና የማይልስ ዴቪስን ትራምፔት። ሁለቱም ውዳሴ ይገባቸዋል። ሆኖም መኪና ሰርቀው የሚጠፉትን ወጣቶች፣ ሉዊንና ቬሮኒክን፣ እንደ ማሟያ ታሪክ አድርጎ ማለፍ የፊልሙን ዋና ሐሳብ መሳት ነው ብዬ አምናለሁ።

ዡልየን ታቨርኒዬ በኢንዶቺናና በአልጄሪያ የተዋጋ የቀድሞ አየር ወለድ ወታደር ነው። የፍቅረኛውን የፍሎራንስን (ዣን ሞሮ) ባል፣ አለቃው የሆነውን የጦር መሣሪያ ነጋዴ፣ በገመድ ተንጠላጥሎ ቢሮው ገብቶ ይገድለዋል። ገመዱን ረስቶ ሊያነሣ ሲመለስ ዘበኛው መብራት ያጠፋና አሳንሰር ውስጥ ይቀራል። ቁልፉን ሳይነቅል ደጅ ያቆመውን መኪና ደግሞ ሉዊ አስነሥቶ ይነዳዋል፤ የአበባ መደብር ሠራተኛዋ ቬሮኒክም አብራው ትሄዳለች።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል። መኪናው ውስጥ ካፖርት፣ ሽጉጥና ትንሽ ካሜራ አለ። ሉዊ ካፖርቱን ይደርባል፤ ሞቴል ሲደርሱም በታቨርኒዬ ስም ይመዘገባሉ። አንድ ጀርመናዊ ሻምፓኝ ሲጋብዛቸው ሉዊ የትውልዱን ሸክም ይቆጥርለታል፦ የጀርመን ወረራ፣ ኢንዶቺና፣ አልጄሪያ። እሱ ግን በአንዱም አልዘመተም። የፈረንሳይ መንግሥት ለግዴታ አገልግሎት የተጠሩ ወጣቶችን ወደ አልጄሪያ በብዛት መላክ የጀመረው በ1956 ነበርና፣ ሉዊ የሚፎክርበት ጦርነት ገና ሊጠራው የሚችል ጦርነት ነው። ሊነጋጋ ሲል የጀርመናዊውን መርሴዲስ ሊሰርቅ ይሞክራል። ሰውየው የሲጋር ማስቀመጫ እንደ ሽጉጥ ሲደግንበት ሉዊ እሱንም ሚስቱንም ተኩሶ ይገድላል። ፖሊስ የሚያሳድደው ታቨርኒዬን ነው። በገዳዩ ማንነት ተሳስቷል፤ ሽጉጡ ከማን እጅ እንደመጣ ግን አልተሳሳተም። ባለ ልምዱ ተዋጊ በአንድ አሳንሰር ውስጥ ተዘግቶ ሳለ ስሙና መሣሪያው በአንድ ልጅ እጅ መግደላቸውን ይቀጥላሉ።

የተዋናይ ምርጫውም ይህን ንባብ ያጠናክራል። ሉዊን የተጫወተው ዦርዥ ፑዡሊ በ1952 በረኔ ክሌማን «ዡ ዜንተርዲ» ውስጥ፣ በጦርነት መሀል ለእንስሳት መቃብር ሲቆፍር የታየው ልጅ ነው። የዘመኑ ተመልካች ያን ፊት ያውቀዋል። ቬሮኒክ በበኩሏ መጨረሻቸውን በጋዜጣ ርዕስ ታልመዋለች፤ አብረው የእንቅልፍ ኪኒን ይውጣሉ፣ ሞት ግን እንቢ ይላቸዋል። እዚህ ላይ ማል ለልጆቹ የሚያሳየው ርኅራኄ ከአዋቂዎቹ ታሪክ ይልቅ ልቤን ይነካዋል።

ሥዕሉ ከዚህ ሐሳብ አይነጠልም። አንሪ ዴካኤ ሞሮን የቀረጸው በሕፃን ጋሪ ላይ በተጫነ ካሜራ፣ ከሱቅ መስኮቶች በሚወጣ ብርሃን ብቻ ነበር፤ ለብርሃን ንቁ የሆነ የፊልም ጥቅል ይህን አስቻለው። ዴቪስም በታኅሣሥ 1957 ከከበሮ መቺው ኬኒ ክላርክና ከሦስት በፈረንሳይ የሚጫወቱ ሙዚቀኞች ጋር የተቆራረጡ ትዕይንቶችን እያየ ሙዚቃውን በቦታው ፈጠረ። ለፍሎራንስ የዘገየ ትራምፔት፣ ለአውራ ጎዳናው ደግሞ የሚጋልብ ከበሮ ደረሰ።

አንድ ከባድ ጉድለት አለ። አልጄሪያ በስም ትነሣለች እንጂ የአልጄሪያዊ ድምፅ በፊልሙ ውስጥ ቦታ የለውም፤ የጦርነቱ ቁስል የፈረንሳዮች ብቻ ሆኖ ይቀርባል። ማል የሌሎችን መሣሪያ ወደሚይዝ ወጣት የተመለሰው በ1974፣ በ«ላኮምብ ሉሲየን» ነው። የገጠሩ ልጅ ከፀረ ናዚ አርበኞቹ ጋር መቀላቀል ፈልጎ ሳይቀበሉት ሲቀሩ ለጀርመን ፖሊስ ያድራል፤ በዚህ ጊዜ ሽጉጡን ከመኪና ውስጥ አያገኘውም፣ አዋቂዎች ራሳቸው ያስታጥቁታል።