የተቃጠለው ስብከትና የታተመው መጽሐፍ

ጁላይ 21 ቀን 1683 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጉባኤ ተሰብስቦ ለንጉሥና ለመንግሥት ጠንቅ ናቸው ያላቸውን አስተሳሰቦች አንድ በአንድ እየቆጠረ አወገዘ። የተጻፉባቸው መጻሕፍትም በዩኒቨርሲቲው ቅጥር ግቢ በእሳት እንዲቃጠሉ አዘዘ። ከተወገዙት ጸሐፊዎች መካከል ቶማስ ሆብስ፣ ጆን ሚልተን፣ ሪቻርድ ባክስተርና ስኮትላንዳዊው ሳሙኤል ራዘርፎርድ ይገኙበታል። ጆን ኦወንም አለበት። ኦወን ከ1652 እስከ 1657 ይህንኑ ዩኒቨርሲቲ በምክትል ቻንስለርነት ያስተዳደረ ሰው ነው፤ ምክትል ይባል እንጂ የዕለት ተዕለቱ ሥልጣን በእጁ ነበር። አሁን የተወነጀለው ከ34 ዓመት በፊት ፓርላማ ፊት ባሰማው ስብከት ነው።

በዚያ ክረምት ኦወን ከለንደን በስተ ምዕራብ በምትገኘው ኢሊንግ ታሞ ነበር። አስምና የጠጠር በሽታ ለዓመታት ሲያሠቃዩት ኖረው አሁን አቅሙን ጨርሰውታል። በእጁ የቀረው ሥራ ስለ ክርስቶስ ክብር ያሰላሰለውን ጽፎ ለኅትመት ማብቃት ነበር። የፖለቲካ ታሪክ አጥኚዎች የተቃጠለውን ስብከት፣ ምእመናን ደግሞ ይህን የመጨረሻ መጽሐፍ ይዘው በየፊናቸው ሄደዋል። ሰውየው ግን አንድ ነው፤ ሁለቱ ጽሑፎችም አንድ ላይ ሲነበቡ ብቻ የሚታይ ነገር አላቸው።

ኦወን በ1616 በኦክስፎርድሻየር ገጠር ከአንድ ፒዩሪታን ቄስ ተወለደ። ፒዩሪታን የሚለው ስም መጀመሪያ የመጣው ከባላንጣዎቻቸው ነው፤ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ተሐድሶዋን በግማሽ አቁማለችና መጽሐፍ ቅዱስ ያላዘዘውን ሥርዐት ትተው የሚሉትን ሰዎች ለማሽሟጠጥ። ኦወን በ12 ዓመቱ ኦክስፎርድ ገባ፤ ሊቀ ጳጳስ ዊልያም ሎድ በዩኒቨርሲቲው ላይ የጫነውን ደንብ አልቀበልም ብሎ በ1637 ወጣ። በንጉሡና በፓርላማው መካከል የእርስ በርስ ጦርነት ሲጀመር ከፓርላማው ወገን ቆመ፤ በኤሴክስ ገጠር ሁለት አጥቢያዎችን ካገለገለ በኋላ ስሙ ለንደን ድረስ ተሰማ።

ጃንዩዌሪ 30 ቀን 1649 ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ በአደባባይ አንገቱ ተቀላ። በማግስቱ ፓርላማው ፊት እንዲሰብክ የተጠራው ኦወን ነበር፤ ገና 33 ዓመት አልሞላውም። ከትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 15 ተነሥቶ፣ እግዚአብሔር ለእውነት የቆሙትን በሕዝብ ቁጣ መካከል እንደሚጠብቃቸው ሰበከ። የንጉሡን መገደል በቀጥታ አላወደሰም፤ በዚያ ቀንና በዚያ ቦታ የተነገረ በመሆኑ ግን የቆመበት ወገን ለማንም ሰሚ አላጠራጠረም። የ1683ቱ ጉባኤ ገዳዮቹን የባረከ ስብከት አድርጎ ቆጠረው። ፍርዱ ከቃሉ ይልቅ በዕለቱ ላይ የተመሠረተ ነው ማለት ይቻላል፤ ዕለቱን የመረጠው ደግሞ ራሱ ባይሆንም እንቢ አላለም።

በዚያው ዓመት ክረምት የፓርላማው ጄኔራል ኦሊቨር ክሮምዌል አየርላንድን ሊወጋ ሲዘምት ኦወንን አስከትሎ ሄደ። ሴፕቴምበር ላይ በድሮጌዳ ከተማ ወታደሩም፣ ቄሱም፣ ከነዋሪውም ብዙ ሰው ያለቀበት እልቂት ተፈጸመ። ኦወን በዚያን ጊዜ ደብሊን ነበር፤ ሲሰብክና የሥላሴ ኮሌጅን ጉዳይ ሲመለከት ከረመ። ከተመለሰ በኋላ በፌብሩዌሪ 1650 እንደገና ፓርላማው ፊት ቆመ። እዚያ ያነሣው ጥያቄ አሁንም ያስደነግጣል። ክርስቶስ በአየርላንድ የጠላቶቹ ደም ልብሱን ያቀላው አንበሳ ሆኖ ብቻ ታየ፤ በገዛ ደሙ የተረጨ በግ መሆኑን ለሕዝቡ የሚያሳይ ስለ ምን ታጣ? የሐሳቡ ፍሬ ይህ ነው። ፓርላማው ሰባኪዎች ወደ ደብሊን እንዲሄዱ ወሰነ። ኦወን ግን ጦርነቱን አልኮነነም፤ ይህን መሸፈን አይገባም። አንበሳው ስሕተት ነው አላለም፤ በጉ ቀረ ነው ያለው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት የሥልጣን ዓመታት ናቸው፤ በ1651 የክራይስት ቸርች ኮሌጅ ዲን፣ በዓመቱ ምክትል ቻንስለር ሆነ። ከክሮምዌል ጋር የተቃቃሩት በ1657 ነው። ፓርላማው ያኔ አገሪቱን ይመራ ለነበረው ለክሮምዌል ዘውድ ሊያቀርብለት ሲነሣ፣ ይህን የሚቃወሙት የጦር መኮንኖች ያቀረቡትን አቤቱታ ያረቀቀላቸው ኦወን ነበር። ክሮምዌል ዘውዱን ሳይቀበል ቀረ፤ ኦወንም በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲውን ኃላፊነት ለቀቀ።

በዚያው 1657 ምእመን ከአብ፣ ከወልድና ከመንፈስ ቅዱስ ጋር ስላለው ኅብረት የጻፈው መጽሐፍ ታተመ። ስለ ወልድ የሚናገረው ክፍል ሰፊ ነው፤ ከፊሉም ሙሽራይቱ በመኃልየ መኃልይ የውዷን መልክ ከራሱ እስከ እግሩ እየዘረዘረች የምታመሰግንበትን ቦታ ተከትሎ የሚሄድ ነው። ራሱ በመቅድሙ እንደሚገልጸው ይህን ለማሳተም ቃል የገባው ከስድስት ዓመት ያህል በፊት ነበር። ስሌቱ ወደ 1651 ይወስደናል፤ ከአየርላንድ መልስ፣ በሥልጣኑ መጀመሪያ ላይ።

በ1660 የንጉሥ አገዛዝ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ኦወን ከክራይስት ቸርች ወጣ። ኦገስት 24 ቀን 1662፣ በቅዱስ በርተሎሜዎስ ዕለት፣ አዲሱን የጸሎት መጽሐፍ አንቀበልም ያሉ አገልጋዮች ከአጥቢያቸው ተባረሩ፤ ከ1660 ጀምሮ የወጡት ሲደመሩ 2,000 ያህል ናቸው። ቀጥሎ ከቤተሰቡ ሌላ ከአራት ሰው በላይ ለአምልኮ መሰብሰብን የሚከለክል ሕግ፣ ከዚያም የተባረሩት አገልጋዮች በቀድሞ አጥቢያቸው አምስት ማይል ክልል ውስጥ እንዳይኖሩ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ኦወን በለንደን አንዲት ትንሽ ማኅበር እየመራ ኖረ፤ በ1673 ማኅበሯ ከሌላ ጋር ተዋሕዳ ሌደንሆል ጎዳና ላይ መሰብሰብ ጀመረች። በቤቱ የደረሰበት ከዚህ ይከፋል። ከመጀመሪያ ሚስቱ ከሜሪ ሩክ 11 ልጆች ወልዶ ለአካለ መጠን የደረሰችው አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ነበረች፤ እሷም ትዳሯ ሳይቀና ወደ አባቷ ቤት ተመልሳ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። ስለዚህ ሐዘን የጻፈው የለም ማለት ይቻላል። የዘመኑ ፒዩሪታኖች የነፍሳቸውን ሁኔታ በማስታወሻ ደብተር መመዝገብ ያዘወትሩ ነበር፤ ከኦወን እጅ እንዲህ ያለ ደብተር አልደረሰንም።

የመጨረሻው መጽሐፍ የተነሣው ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ቁጥር 24 ነው፤ ጌታ በሕማሙ ዋዜማ፣ አባቱ የሰጠው ወገኖች እርሱ ባለበት ሆነው ክብሩን እንዲያዩ የለመነበት ቦታ። ጽሑፉ መጀመሪያ ለገዛ ልቡ ያሰላሰለው፣ ቀጥሎ ለማኅበሩ ያካፈለው እንደሆነ መቅድሙ ይናገራል፤ ድካምና የሞት መቃረብ ከዚህ በኋላ እንዲህ ላለ ሥራ ፋታ እንደማይሰጡትም አይደብቅም። መከራከር የሚወድ ሰው ነበር። ከአርሚኒያውያን (የሰውን ነጻ ፈቃድ ከሚያጎሉት)፣ ከሶሲኒያውያን (ሥላሴን ከሚክዱት)፣ ከካቶሊኮች ጋር የተሟገተባቸው ጥራዞች መደርደሪያ ይሞላሉ። እዚህ ግን ሙግቱ ቀንሶ አንድ ጥያቄ ላይ ይቆያል፦ ያላዩትን ክብር ማየት እንዴት ይለመዳል?

መልሱ ረጅም ነው። ክርስቶስ የማይታየውን አብ የሚገልጥ መሆኑን፣ መለኮትና ትስብእት በአንድ አካል መገናኘታቸውን፣ ዝቅ ማለቱን፣ ፍቅሩን፣ መታዘዙንና መሞቱን፣ መክበሩን በየምዕራፉ ይመለከታል። ስለ ሁለቱ ባሕርያት ሲናገር ሙሴ በኮሬብ ያያትን ቁጥቋጦ ያነሣል። እሳቱ መለኮት ነው፤ ሳትቃጠል የምትነድደው ዛፍ የሥጋ ባሕርይ ናት። ውዳሴ ማርያም ሲደገም ያደገ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም፤ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ዕፀ ጳጦስ የእመቤታችን ምሳሌ ናትና። ኦወን ለማርያም ስም ብዙ ቦታ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። ያም ሆኖ እሳቱ ዛፏን አለማቃጠሉ ያስደነቀው በዚያው ምክንያት ነው፤ እግዚአብሔር ሥጋ ሲሆን ሥጋ አልጠፋም።

ከሁሉ ይልቅ የሚደጋግመው ሐሳብ በእምነትና በዐይን ማየት መካከል ያለው ዝምድና ነው። በሰማይ ዐይን ለዐይን የሚሆነው መተያየት እዚህ በእምነት ካልተጀመረ እዚያ የሚፈጸም ነገር አይኖርም ባይ ነው። ክብሩን በዚህ ዓለም ያልወደደ ሰው መንግሥተ ሰማያት ቢገባ እንኳ ደስታው ምን ይሆናል ብሎ ይጠይቃል። የሥዕልና የምስል አምልኮ የመጣውም ይህ የእምነት እይታ ሲደበዝዝ ነው ይላል፤ ሰዎች በልባቸው ማየት ሲሳናቸው በእጃቸው ሠሩ። የሥዕል አድኅኖ ወግ ባለበት አገር ይህ ክፍል የሚከብድ ነው፣ ኦወንም አለዝቦ አልጻፈውም። ምክሩ ግን ቀላልና ተግባራዊ ነው። ስለ ክርስቶስ በጅምላ ማሰብ አይበቃም፤ አንድ ነገር ለይቶ በእርሱ ላይ መቆየት ያስፈልጋል፣ ያውም ደጋግሞ። ሐሳብ ሲበተን መልሶ መሰብሰብ፣ ደስታው ባይሰማም አለመተው።

ሥልጣን ያጣ ሰው ፊቱን ወደ ሰማይ መለሰ ብሎ ታሪኩን መዝጋት ይመች ነበር። ሰነዶቹ ይህን አይፈቅዱም። የ1657ቱ መጽሐፍ ሐሳብ የተጠነሰሰው በክሮምዌል መንግሥት ጫፍ ላይ ቆሞ ሳለ ነው፤ በጉ ስለ ምን አልታየም ያለውም ያሸነፈው ወገን ሰባኪ ሆኖ ነው። ከሽንፈት በኋላ የተለወጠው፣ እኔ እንደማነበው፣ ክብሩ የት ይታያል የሚለው ነው። በ1649 እና በ1650 ኦወን የእግዚአብሔርን እጅ በጦር ሜዳና በፓርላማ ውሳኔ ያነብብ ነበር። በመጨረሻው መጽሐፍ ውስጥ እንግሊዝ የለችም ማለት ይቻላል፤ መከራው አለ፣ ድል ግን ከወዲያኛው ዓለም በቀር የትም አይጠበቅም።

ለዚህ የ1683 ክረምት በቂ ምክንያት ነበረው። ጁን ላይ ንጉሡንና ወንድሙን ለመግደል ታቅዷል የተባለው የራይ ሃውስ ሤራ ተጋለጠ። ከሤረኞቹ አንዱ ሮበርት ፈርግሰን ቀድሞ የኦወን ረዳት የነበረ ሰው ነው፤ ስለዚህ ጥርጣሬው ወደ ኦወንም ዞረ። ኦክስፎርድ መጻሕፍቱን ባቃጠለበት ቀን ለንደን ውስጥ ሎርድ ዊልያም ራስል በዚሁ ሤራ ተፈርዶበት አንገቱ ተቀላ።

ኦገስት 22 ኦወን ለአሮጌው ወዳጁ፣ ለቀድሞው ጄኔራል ቻርልስ ፍሊትዉድ፣ ደብዳቤ አጻፈ። ብዕር መያዝ ስላልቻለ ቃሉን ሌላ ሰው ጻፈለት። ነፍሱ ወደምትወደው፣ ይልቁንም አስቀድሞ ወደ ወደደው እንደሚሄድ፣ የቤተ ክርስቲያንን መርከብ በማዕበል ውስጥ ትቶ እንደሚለያት፣ ዋናው ካፒቴን ግን በላይዋ እስካለ የአንድ ደካማ ቀዛፊ መጥፋት እንደማይጎዳት ገለጠለት። ማዕበሉ የዚያ ወር ማዕበል መሆኑን ፍሊትዉድ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ኦገስት 24 ጠዋት፣ ኅትመቱን የሚከታተለው ዊልያም ፔይን የተባለ አገልጋይ መጥቶ መጽሐፉ ማተሚያ ቤት መግባቱን ነገረው። የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ኦወን ደስ ብሎት፣ ያንን ክብር እስከ ዛሬ ባላየው መንገድ የሚያይበት ቀን መድረሱን ተናገረ። የሟች የመጨረሻ ቃል እያማረ የሚተላለፍበት ዘመን ስለነበር ይህን ከደብዳቤው እኩል አልመዝነውም። የተባለው ግን ከመጽሐፉ ሐሳብ ንቅንቅ አይልም። በዚያው ቀን ሞተ። ከ1662ቱ መባረር 21 ዓመት ሞልቶ፣ ዳግመኛ በበርተሎሜዎስ ዕለት መሆኑ ነው፤ እንግሊዝ ገና የዩልዮስን አቆጣጠር ትከተል ስለነበር በእኛ ጳጉሜን 1 ቀን 1675 ዓ.ም. ይውላል። ሴፕቴምበር 4 ቀን በበንሂል ፊልድስ ተቀበረ፤ አስከሬኑን 67 የመኳንንትና የባላባቶች ሠረገላዎች እንዳጀቡት ተጽፏል። መንግሥት በጥርጣሬ ያየው ለነበረ ሰው ቀላል ቁጥር አይደለም።

መጽሐፉ በ1684 ወጣ። በ1689 የመቻቻል ሕግ ታውጆ የኦወን ማኅበርና መሰሎቿ ያለ ቅጣት መሰብሰብ ቻሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1691፣ ከወረቀቶቹ የተገኙ ሁለት ተጨማሪ ክፍሎች ታተሙ። አንዱ ገና ወደ ክርስቶስ ላልመጡ ሰዎች የተጻፈ ነው፤ ሁለተኛው ለረጅም ጊዜ አምነው ኖረው የመጀመሪያ ፍቅራቸው ስለቀዘቀዘባቸው፣ በተለይም ስላረጁ ምእመናን ነው።