ጅብ ከሄደ የሚጮኸው ውሻ፦ የኮምፒውተር የስህተት መልእክት አጭር ታሪክ

(ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኦገስት 11 ቀን 2003፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነሐሴ 5 ቀን 1995 ዓ.ም.። በዚያ ቀንና በተከተሉት ቀናት በዓለም ዙሪያ ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነባቸው እጅግ ብዙ ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት አመል አወጡ። ማሽኑ ይነሳል፤ ባለቤቱ ኢንተርኔት ያገናኛል፤ ጥቂት ቆይቶ በስክሪኑ መሃል አንዲት ሣጥን ብቅ ትላለች። ሲስተሙ ሊዘጋ ነው፣ የጀመሩትን ሥራ ሴቭ ያድርጉ ትላለች፤ ከሥሯም 60 ሰከንድ ወደ ኋላ መቆጠር ይጀምራል። ቆጠራው ሲያልቅ ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ እንደገና ይነሳል። ከተነሳ በኋላም ሣጥኗ ተመልሳ ትመጣለች።

እንዲህ ሲሆን ሰው አስቀድሞ የሚጠረጥረው ዕቃውን ነው፦ መብራቱን፣ ራሙን፣ ሃርድ ዲስኩን። ቀጥሎ የሚመጣው መፍትሔ ደግሞ ፎርማት ማድረግ ነው። ያን ሰሞን ግን ፎርማት ያደረገም አላረፈም። አዲስ የተጫነው ዊንዶውስ የአሮጌውን ቀዳዳ ይዞ ስለሚነሳ፣ ኢንተርኔት በገባ በደቂቃዎች ውስጥ ሣጥኗ ደጁ ላይ ነበረች።

የዚህ ሁሉ መነሻ ብላስተር የተባለ ትል ነበር። ብላስተር ስለ ኮምፒውተር ሕመም የሚያስተምረው ነገር ዛሬም አላረጀም። ለመረዳት ግን 17 ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

◆ አድራሻውን የጻፈው ቫይረስ

በ1986 በፓኪስታን ላሆር ከተማ የኮምፒውተር ሱቅ የነበራቸው ሁለት ወንድማማቾች፣ ባሲት ፋሩቅ አልቪና አምጃድ ፋሩቅ አልቪ፣ ብሬይን የተባለውን ፕሮግራም ጻፉ። በአይቢኤም ፒሲዎች ላይ የተሰራጨ የመጀመሪያው ቫይረስ ተብሎ የሚቆጠረው ይህ ነው። ማደሪያው የፍሎፒ ዲስክ ቡት ሴክተር ነበር፤ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነበው ቦታ። ወንድማማቾቹ እንደሚሉት ዓላማቸው ያዘጋጁትን የሕክምና ሶፍትዌር ያለ ፈቃድ የሚገለብጡትን ሰዎች መከታተል ነበር። ፕሮግራሙ ግን ከፍሎፒ ወደ ፍሎፒ እየተላለፈ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ደረሰ።

የሚገርመው ውስጡ የተጻፈው ነው። የወንድማማቾቹ ስም፣ የሱቃቸው አድራሻና ስልክ ቁጥራቸው እዚያው ተቀምጧል፤ ክትባት የሚፈልግ ሰው እንዲያነጋግራቸውም ይጋብዛል። በ2011 የፊንላንዱ ኤፍ ሴኪዩር ኩባንያ ተመራማሪ ሚኮ ሂፖነን አድራሻውን ተከትሎ ላሆር ሲሄድ፣ ሁለቱን ወንድማማቾች ከ25 ዓመት በኋላ እዚያው ቦታ አገኛቸው።

ብሬይን አንድ ነገር አስተማረ፦ ማሽኑን የሚገዛው ቀድሞ የተነሳ ነው። ዘበኛው ሳይነቃ ቤት የገባ ሌባ ዘበኛውንም ሊያታልል ይችላል። ከዚያ ወዲህ የመጡ ተንኮል ፕሮግራሞች ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ጭንቀት አላቸው፦ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ እነሱም አብረው እንዲነሱ። የስህተት መልእክቶች ኮምፒውተር ሲከፈት የሚበዙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

◆ ግምቱን የሳተው ትል

ማይክሮሶፍት ብላስተር የተጠቀመበትን ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት ያወጣው ጁላይ 16 ቀን 2003 ነበር፤ ትሉ ከመምጣቱ 26 ቀን በፊት። ቀዳዳው ያለው አንዱ ኮምፒውተር ሌላውን ሥራ በሚያዝበት አርፒሲ በተባለው አገልግሎት ላይ ነው። አፕዴቱን የጫነ ሰው ተረፈ። በዚያ ዘመን ግን ብዙ ቤት የነበረው በስልክ መስመር የሚገባ ቀርፋፋ ኢንተርኔት ነው፤ ብዙ ተጠቃሚም አፕዴት ለምን እንደሚያስፈልግ የነገረው ሰው አልነበረም። ኤክስፒ ውስጡ ፋየርዎል ቢኖረውም ከፋብሪካ የሚወጣው ጠፍቶ ነበር። ቤቱ በር አለው፤ በሩ ግን ተከፍቶ ነው የተረከቡት።

ብላስተር ኢሜይል እንዲከፈትለት ወይም አንድ ነገር እንዲጫንለት አይጠብቅም። አድራሻ ይመርጥና በሩን ያንኳኳል። ከበሩ ጀርባ ያለው ዊንዶውስ ኤክስፒ ይሁን ዊንዶውስ 2000 ግን አያውቅም። ስለዚህ ይገምታል፦ 80 በመቶውን ጊዜ ለኤክስፒ የሚሆነውን፣ 20 በመቶውን ለ2000 የሚሆነውን ቁልፍ ይሞክራል። ቁልፉ ከበሩ ጋር ካልገጠመ አርፒሲ ይወድቃል። ዊንዶውስም ያለ አርፒሲ መኖር ስለማይችል ቆጠራውን ጀምሮ ራሱን ያጠፋል።

እንግዲህ ያን ሁሉ ሕዝብ ያስጨነቀችው ሣጥን የትሉ መልእክት አልነበረችም፤ የዊንዶውስ ጩኸት ነበረች። ብዙ ጊዜም የምትወጣው ትሉ ገብቶ ሳይሆን ለመግባት ሞክሮ ሲሳሳት ነው። ሌባው ቁልፉን ሰበረ እንጂ አልገባም፤ ቤቱ ግን በድንጋጤ ታወከ።

ግምቱ ሲሳካስ? ያን ጊዜ ትሉ ፋይሉን ያስቀምጥና በሬጂስትሪ ውስጥ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞች በሚመዘገቡበት ዝርዝር ላይ ራሱን ይጽፋል። ለራሱ የሰጠው ስም «ዊንዶውስ ኦቶ አፕዴት» የሚል ነበር። በየቀኑ የጠጋኙን ልብስ ለብሶ ይነሳል። ኦገስት 16 ላይ ደግሞ የማይክሮሶፍትን የአፕዴት አድራሻ እንዲያጨናንቅ ታዝዞ ነበር፤ ኩባንያው ቀድሞ ያንን አድራሻ ከአገልግሎት አውጥቶ አመለጠ። ትሉ ውስጥ ቢል ጌትስን ገንዘብ መሰብሰብ ትተህ ሶፍትዌርህን ጠግን የሚል ተግሣጽም ተቀብሮ ተገኝቷል።

በሳምንቱ ዌልቺያ የተባለ ሌላ ትል መጣ። በዚያው ቀዳዳ ይገባና ብላስተርን ያጠፋል፤ አፕዴቱንም አውርዶ ለመጫን ይሞክራል። ያልተጠራ ሐኪም መሆኑ ነው። ቀጣዩን ታማሚ ሲፈልግ የሚፈጥረው ትራፊክ ግን ብዙ መሥሪያ ቤቶችን አሽመደመደ። በሴፕቴምበር 2003 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ኔትወርክ በዚሁ ትል ሲታወክ፣ የቪዛ አመልካቾች ስም የሚጣራበት ሥርዓት ለሰዓታት ተቋርጦ ነበር። በቅንነት ስም እንኳ ቢሆን ሳይፈቀድለት ቤት የሚገባ ሁሉ ያው ሰርጎ ገብ ነው።

◆ ጩኸቱ ያመጣው ለውጥ

ቢል ጌትስ ደኅንነት ከሁሉ ይቅደም የሚል ማስታወሻ ለሠራተኞቹ የጻፈው ጃንዋሪ 2002 ላይ ነው። ነገሩ በተራው ሰው ቤት የታየው ግን ከጩኸቱ በኋላ ነው። በኦክቶበር 2003 ማይክሮሶፍት አፕዴቶቹን በየወሩ በተቆረጠ ቀን ማውጣት ጀመረ። በኦገስት 2004 በወጣው ሁለተኛው የኤክስፒ ሰርቪስ ፓክ ፋየርዎሉ ሳይጠየቅ ራሱ የሚበራ ሆነ። በመካከሉ፣ ኤፕሪል 2004 መጨረሻ ላይ፣ ሳሰር የተባለ ትል ያንኑ የቆጠራ ሣጥን ይዞ ተመልሶ ነበር። ጻፊው ስቬን ያሻን የተባለ ጀርመናዊ ተማሪ ነው፤ በ2005 በገደብ ተፈርዶበታል። የብላስተርን ቅጂ ያሰራጨ አንድ አሜሪካዊ ወጣት 18 ወር ታሰረ። የመጀመሪያው የብላስተር ጻፊ ግን 250,000 ዶላር ወሮታ ቢነገርበትም አልተገኘም።

ኩባንያውን ያንቀሳቀሰው ጉዳቱ ብቻ አይደለም፤ ጉዳቱ መታየቱ ነው። ሣጥኗ በየሳሎኑ ባትወጣ ኖሮ ቀዳዳው የባለሙያዎች ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር።

◆ ስም ጥሪ

ብዙ ሰው ዛሬም የሚያውቀው ሌላ ዓይነት የስህተት መልእክት አለ። ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር እንዲህ ያለ ፋይል አልተገኘም የሚል ሣጥን ይመጣል። «እሺ» ተብሎ ይዘጋል፤ በማግሥቱ ይመለሳል። በኢትዮጵያ ቫይረስ በፍላሽ ከኢንተርኔት ካፌ ወደ ቢሮ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት ወደ ቤት ይዞር በነበረበት ጊዜ ይህን ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ዊንዶውስ ፍላሽ ሲሰካበት ውስጡ ያለውን ፕሮግራም በራሱ የማስነሳት ልማድ ነበረው፤ በ2008 መጨረሻ የመጣው ኮንፊከርም ከመንገዶቹ አንዱ ይኸው ነበር። ማይክሮሶፍት ይህን ልማድ ከአሮጌዎቹ ዊንዶውሶች ላይ በአፕዴት ያስቀረው በፌብሩዋሪ 2011 ነው።

የሣጥኑ ምስጢር ቀላል ነው። ቫይረሱ ሁለት ነገር ያስቀምጣል፦ ፋይሉንና በመነሻ ዝርዝሩ ላይ የተጻፈ ስሙን። አንቲቫይረሱ ፋይሉን አጥፍቶ ስሙን ሊተው ይችላል። ዊንዶውስም በየጠዋቱ ስም ይጠራል፤ የሌለው ተማሪ ስም ሲደርስ የሚመልስ ሲጠፋ ያመለክታል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት ይህ ነው። ጩኸቱ ያበሳጫል እንጂ አይጎዳም።

ግን ጅቡ በእርግጥ ሄዷል? የሚለየው በአንድ ፈተና ነው። የሞተው ስም ከመነሻ ዝርዝሩና በሰዓት ከሚነሱ ሥራዎች ዝርዝር ላይ ይሰረዛል፤ ኮምፒውተሩም ጠፍቶ ይነሳል። ስሙ ካልተመለሰ ብዙውን ጊዜ ነገሩ አልቋል። ተመልሶ ከተጻፈ ግን የሚጽፈው እጅ አለ፤ ጅቡ እቤት ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ሣጥኑን መዝጋት ሳይሆን እጁን መፈለግ ይገባል።

◆ ያልጮኸው ውሻ

የዚህ ታሪክ ከባዱ ምዕራፍ ሣጥን የሌለበት ነው። በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት የሚኖር፣ ትውልደ ኢትዮጵያ የሆነ አሜሪካዊ በኢሜይል የተላከ የዎርድ ሰነድ ቤቱ ባለው ኮምፒውተር ላይ ተከፈተ። ማሽኑ አልጠፋም፤ ቆጠራም አልጀመረም። በኋላ የቀረበው ክስ እንደሚለው ግን ፊንስፓይ የተባለ፣ ለመንግሥታት ይሸጥ የነበረ የስለላ ፕሮግራም ከ2012 መገባደጃ እስከ ማርች 2013 ድረስ እዚያ ተቀምጦ የስካይፕ ንግግሮቹን፣ ኢሜይሉንና ቤተሰቡ በኢንተርኔት የፈለገውን ሁሉ ሲቀዳ ቆይቷል። የቶሮንቶው ሲቲዝን ላብ ማርች 2013 ላይ በኢትዮጵያ ያለ የፊንስፓይ ሰርቨርን የሚያጋልጥ ጥናት አወጣ፤ ክሱ እንደሚለው በቀናት ውስጥ ፕሮግራሙ ከኮምፒውተሩ ሊጠፋ ተሞከረ። ዱካው ግን በምርመራ ተገኘ።

ግለሰቡ ለደኅንነቱ ሲል «ኪዳኔ» በሚል ስም በ2014 ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው ፍርድ ቤት የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ ክሱ እውነት ነው አልነው ወይስ ሐሰት ወደሚለው አልደረሰም። በማርች 2017 ይግባኝ ሰሚው ችሎት ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር አልተፈጸመም፣ ፕሮግራሙ የታዘዘውና የተላከው ከውጭ ነው በማለት የውጭ መንግሥታትን ከክስ በሚከላከለው ሕግ ፋይሉን ዘጋው። ኮምፒውተሩ ሜሪላንድ ነው፤ የተሰረቀው ንግግርም ሜሪላንድ ነው፤ በሕጉ ዓይን ግን ጥፋቱ በሁለት አገር የተከፈለ በመሆኑ ተከሳሽ አጣ።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር ሲቲዝን ላብ ሌላ ጥናት ይዞ ወጣ። የእስራኤሉ ሳይበርቢት ምርት የሆነ የስለላ ፕሮግራም በተለያዩ አገሮች ወዳሉ ኢትዮጵያውያን ይላክ የነበረው በቪዲዮ ሊንክ ነበር። ቪዲዮውን ለማየት የፍላሽ ፕሌየር አፕዴት ያስፈልጋል ይባላሉ፤ አፕዴቱ ራሱ ሰላዩ ነው። ብላስተር በ2003 ለራሱ ያወጣው ስም በ2017ም ያንኑ በር ከፈተ።

ከላሆር እስከ ሜሪላንድ ያለው መንገድ ይህ ነው። የመጀመሪያው ቫይረስ ስምና አድራሻውን ጽፎ መጣ። ቀጣዩ በስህተቱ ምክንያት ዓለምን አስጮኸ። የመጨረሻው ስሙን ደብቆ፣ የጠጋኙን ልብስ ለብሶ፣ ድምፁን አጥፍቶ ተቀመጠ። በጩኸቱ ዘመን የታመመው ሁሉ ስለታየ ኩባንያዎች ተገደዱ፣ ፋየርዎል በራ፣ ቀን ተቆረጠ። በዝምታው ዘመን የታመመው አንድ ሰው ብቻውን ነው፤ ሕመሙን የሚያየው ባለሙያ ይፈልጋል፤ ዳኛውም ሥልጣኔ አይደለም ይለዋል።

ስለዚህ ኮምፒውተር ሲከፈት በየጠዋቱ የምትመጣ ሣጥን እንደ ጠላት አትታይ። ከየት እንደመጣች ይጠየቅ፤ ስሟ ይነበብ፤ ጅቡ መሄዱ ይረጋገጥ። ያልተጠራ አፕዴት ሲመጣ ደግሞ ሊንኩን ሳይሆን አምራቹን ራሱን መጠየቅ ይበጃል። የሚጮህ ውሻ ያለው ሰው ቢያንስ ሌሊቱን ይነቃል። ውሻው ዝም ያለው በሰላም ይሁን በተወረወረለት ሥጋ፣ ያ ነው ማወቅ የሚያስቸግረው።